ሸሪፉ፣ ሐኪሙና ጎረቤት ካውንቲ

በ1972 (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በመላ አገሪቱ ላሉ የካውንቲና የከተማ እስር ቤቶች መጠይቅ ላከ። ሰው ሲታመምባችሁ ምን አላችሁ? የሚያየውስ ማን ነው? መልስ ከሰጡት 1,159 እስር ቤቶች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ያላቸው የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ብቻ ነበር። ከስድስት አንዱ እሱም አልነበረውም። ማኅበሩ የሐኪሞች ማኅበር እንጂ የእስረኛ ጠበቃ አይደለም፤ እስከዚያ ጊዜም ስለ እስር ቤት ብዙ ሲጨነቅ አልታየም። ነገር ግን አባላቱ በሚኖሩበት ከተማ መሀል፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ሐኪም የማይረግጠው ሕንፃ መኖሩ በቁጥር ሲቀርብለት ዝም ማለት አልሆነለትም።

በዚያው ዓመት አላባማ ውስጥ ፍራንክ ጆንሰን የተባሉት የፌዴራል ዳኛ በስቴቱ ማረሚያ ቤቶች ላይ የቀረበውን ክስ አይተው ፍርድ ሰጡ። በፍርዱ ላይ የሰፈረውን ዛሬ ሲያነቡትም ይዘገንናል። ሥልጠና የሌላቸው እስረኞች ጥርስ ይነቅላሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ቁስል ይሰፋሉ፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና ሳይቀር ይሠራሉ። ይህ እንግዲህ ስቴቱ በራሱ በጀት የሚያስተዳድረው ተቋም ነው። የትንሿ ካውንቲ እስር ቤት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ነገሩ እንዳይምታታ ልዩነቱን ላስቀድም። አሜሪካ ውስጥ ተፈርዶበት ዓመታት የሚቆይ ሰው የሚገባው ስቴቱ ወይም የፌዴራል መንግሥቱ ወደሚያስተዳድረው ማረሚያ ቤት ነው። ትናንት ማታ የተያዘው፣ ዋስ ያጣው፣ ቀጠሮ የሚጠብቀው፣ ወይም ጥቂት ወራት የተፈረደበት ደግሞ በካውንቲው እስር ቤት ይቆያል። አብዛኛው እስረኛ ገና ያልተፈረደበት ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች አስተዳዳሪው ሕዝብ የመረጠው ሸሪፍ ሲሆን በጀቱን የሚቆርጥለት የካውንቲው ምክር ቤት ነው። አገሪቱ ከ3,000 በላይ ካውንቲ አላት፤ አንዱ እስር ቤት ጥቂት አልጋ ሲኖረው ሌላው በሺሕ ይቆጥራል። በ2019 ወደነዚህ ቤቶች 10 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰው ገብቷል። አማካይ ቆይታው አንድ ወር አይሞላም።

ለሐኪም ከዚህ የባሰ የሥራ ቦታ ማሰብ ያስቸግራል። የሚመጣው ሰው ካርድ የለውም። ኢንሱሊኑ ቤት ቀርቷል፤ ወይም ሲጠጣ ከርሞ ዛሬ በድንገት ተቋርጦበት ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ለሌላ ሰው የማይሰማ ድምፅ ይሰማዋል። ነገ ደግሞ ዋስ ጠርቶ ይሄዳል፤ የጀመሩለት ሕክምና ሜዳ ላይ ይቀራል። በ2019 በእነዚህ እስር ቤቶች 1,200 ሰዎች ሞተዋል። ከእነሱ 355ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው።

ተቋሙ የመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ ካውንቲውም፣ ሸሪፉም፣ ጉድለቱም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወህኒ ጠባቂ በአብዛኛው ደመወዝ ስለሌለው የሚተዳደረው ከእስረኞቹ በሚሰበስበው ክፍያ ነበር። በ1773 ጆን ሃዋርድ የሚባል ባለ ርስት የቤድፎርድሺር ሸሪፍ ሆኖ ሲሾም፣ ከወንጀል ነፃ የተባለ ሰው እንኳ የጠባቂውን ሒሳብ ካልከፈለ ተመልሶ እንደሚቆለፍበት አየ። ለጠባቂው ካውንቲው ደመወዝ ይክፈለው ሲል ለዳኞቹ አመለከተ። ዳኞቹም እንዲህ ያደረገ ሌላ ካውንቲ ካለ አሳየን አሉት። ሃዋርድ ፈረሱን ጭኖ ወደ ጎረቤት ካውንቲዎች ወጣ። የፈለገውን ምሳሌ አላገኘም፤ ያገኘው ተስቦ ነው።

የእስር ቤት ተስቦ በቅማል የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ ገና ባይታወቅም ከወህኒ ወጥቶ ዳኛ እንደሚገድል ግን ከታወቀ ቆይቷል። በ1577 በኦክስፎርድ ችሎት ላይ የነበሩ ዳኞችና ታዳሚዎች በገፍ አልቀዋል። በ1750 ደግሞ የለንደን ከንቲባ ሳይቀር በዚሁ በሽታ ሞቷል። ሃዋርድ ለፓርላማው ያየውን ከተናገረ በኋላ በ1774 ሕግ ወጣ። ግድግዳው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በኖራ ይቀባ፣ አየር ይግባበት፣ ለታመሙ ወንዶችና ሴቶች የተለያየ ክፍል ይሰጥ፣ ሐኪም ወይም መድኃኒት ቀማሚ ይመደብ የሚል ነው። ሃዋርድ ሕጉን በትልልቅ ፊደል በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለየወህኒ ጠባቂው ላከ። የሚያስፈጽም ሌላ አካል አልነበረማ! እሱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ልብሱ የወህኒ ቤት ሽታ ስለሚይዝ በተዘጋ ሠረገላ መሄድ አልቻለም፤ በፈረስ ነበር የሚጓዘው። የማስታወሻ ደብተሩንም እሳት ዳር ሳያናፍስ አይከፍተውም ነበር። በ1777 መጽሐፉን አሳተመ፣ በ1790 ኬርሶን ከተማ ውስጥ በትኩሳት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁለት መቶ ዓመት ያህል በአንድ አንቀጽ ማለፍ ይቻላል። አሜሪካ ከእንግሊዝ ስትለይ የካውንቲውን እስር ቤት እንዳለ ወረሰች። እያንዳንዱ ካውንቲ ግንቡን በየራሱ ገነባ፣ በየራሱ በጀት ቆረጠ። ፍርድ ቤቶችም የወህኒ አስተዳደር የኛ ጉዳይ አይደለም እያሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

እጁን የዘረጋው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በኅዳር 1973 ቴክሳስ ውስጥ ጋምብል የተባለ እስረኛ ከጭነት መኪና ጥጥ ሲያወርድ 270 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እስር ጥጥ ወደቀበት። ጀርባው ተጎዳ፤ መሥራት አልችልም ሲል ተቀጣ። ክሱን ራሱ በእጁ ጽፎ አስገባ። በ1976 ዳኛ ተርጉድ ማርሻል የጻፉት ውሳኔ፣ የእስረኛን ከባድ ሕመም ሆን ብሎ ችላ ማለት ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ጭካኔ ነው አለ። የታሰረ ሰው ራሱ ወጥቶ ሐኪም መፈለግ ስለማይችል ያሰረው አካል ሊያሳክመው ይገባል ማለት ነው። የሚገርመው፣ ጋምብል በሐኪሙ ላይ ባቀረበው ክስ ተሸንፏል። በሦስት ወር ውስጥ 17 ጊዜ በሕክምና ባለሙያ ታይቷል ተባለ፤ የሕክምና ስሕተት ብቻውን ሕገ መንግሥት መጣስ አይደለም ተባለ። በዚህም ውሳኔ ነፃው አሜሪካዊ የሌለውን በሕገ መንግሥት የታወቀ የሕክምና መብት እስረኛው አገኘ። መብቱን የሚያስከብርበትን ደጃፍ ግን ጠባብ አድርገው ነው የተዉለት።

ሸሪፉ ከዚያ በኋላ ክስ ፈራ። ፍርሃት ደግሞ ሐኪም አይሆንም። ምን ላድርግ ብሎ ለሚጠይቅ ሸሪፍ መልስ የነበረው የሐኪሞቹ ማኅበር ነው። በ1975 ከፌዴራል መንግሥት በተገኘ ገንዘብ በስድስት ስቴቶች፣ በጆርጂያ፣ በኢንዲያና፣ በሜሪላንድ፣ በሚሺጋን፣ በዋሽንግተንና በዊስኮንሲን ሙከራ ጀመረ። ሥራውን ያካሄደው በየስቴቱ የሐኪሞች ማኅበር በኩል ነው፤ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነበር። ከዋና ከተማ የሚመጣ ተቆጣጣሪን ሸሪፉ በር ላይ ያቆመዋል። የራሱን ልጅ ያከመን የአካባቢ ሐኪም ግን እንዴት ብሎ ይመልሰዋል?

ከዚያ ሙከራ የወጣው መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ አንድ ወረቀት ነው፤ የመቀበያ ቅጽ። እስረኛው ከመኪና ወርዶ ክፍል ሳይገባ፣ ሥልጠና የወሰደ ጠባቂ ወይም ነርስ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቀዋል፦ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ አለብህ? በየቀኑ ትጠጣለህ? መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ትስላለህ? ከዚያም የሚያየውን ይጽፋል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ቁስል፣ የመርፌ ጠባሳ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ሙሉ ምርመራ በ14 ቀን ውስጥ እንዲደረግ፣ የሕክምናውን ጉዳይ ሐኪሙ ብቻ እንዲወስንና ሸሪፉ እንዳይሽረው መመዘኛው ያዝዛል። ሁለተኛው ከተጻፈው ሁሉ ለመተግበር የከበደው ነው። የሐኪሙን ደመወዝ የሚፈርመው ሸሪፉ ነውና።

የፌዴራሉ ገንዘብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ የማኅበሩ ፕሮግራም ተዘጋ። ሲመሩት የነበሩት በርናርድ ሃሪሰንና ጄይ አኖ ሥራውን ይዘው ወጡና በ1983 ራሱን የቻለ ብሔራዊ የማረሚያ ጤና ኮሚሽን ቆመ። ኮሚሽኑ እስር ቤቶችን እየመረመረ የብቃት ዕውቅና ይሰጣል። ዕውቅናው ግን በፈቃደኝነት ነው፤ አብዛኞቹ እስር ቤቶች ዛሬም የላቸውም።

ለምን ቢባል ገንዘብ ነው። በ1965 ለድሆች የጤና መድን የሆነው ሜዲኬይድ ሲቋቋም፣ በመንግሥት ተቋም ለታሰረ ሰው የፌዴራል መንግሥቱ አይከፍልም የሚል አንቀጽ ገባበት። ያልተፈረደበትንም ይጨምራል። ልዩነቱ ለረጅም ጊዜ እስረኛው ከእስር ቤት ውጭ ባለ ሆስፒታል ከ24 ሰዓት በላይ ሲተኛ ብቻ ነበር። ስለዚህ ትናንት በሜዲኬይድ ይታከም የነበረው ድሃ ዛሬ ሲታሰር ሒሳቡ ተጠቃልሎ በካውንቲው ላይ ይወድቃል። ጥቂት ሺሕ ሕዝብ ላላት ገጠር ካውንቲ አንድ ኩላሊቱ የሚታጠብ እስረኛ የዓመቱን በጀት ያናጋል። አንዳንድ ሸሪፎች ያገኙት መላ እስረኛው ሊሞት ሲል ዳኛ አስፈቅዶ መልቀቅ ነው። ሰውዬው ሆስፒታል ሲገባ እስረኛ ስላልሆነ ሒሳቡም የካውንቲው አይደለም፤ ቢሞትም በእስር ቤቱ መዝገብ አይጻፍም።

ሌላው መላ ኩባንያ መቅጠር ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቁርጥ ዋጋ የእስር ቤት ሕክምና የሚይዙ ድርጅቶች ወጡ። በቁርጥ ዋጋ ሲሆን ለሆስፒታል ያልተላከ በሽተኛ ትርፍ ነው። ሮይተርስ የዜና ወኪል በ2020 ባወጣው ምርመራ፣ በአምስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች በሚታከሙ እስር ቤቶች የሞቱ መጠን መንግሥት ራሱ ከሚያክምባቸው ከ18 እስከ 58 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ ልዩነቱ እንደ ኩባንያው ነው።

ሦስተኛው መላ ካውንቲዎች ተባብረው አንድ የጋራ እስር ቤት መሥራት ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያማልል ሐሳብ ነው። አምስት ካውንቲ ለየብቻው ነርስ መቅጠር ባይችል አንድ ላይ ሆኖ ሌሊትና ቀን ነርስ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የጥርስ ሐኪም ይቀጥራል። ዌስት ቨርጂኒያ ይህን እስከ ጫፍ ወሰደችው። በ1985 አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቁማ የ55 ካውንቲዎቿን ያረጁ እስር ቤቶች በ10 የጋራ እስር ቤቶች ተካች። የመጀመሪያው በ1989 ተከፈተ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንላለን፤ እዚያ የሆነው ግን ሃምሳ አምስቱም ሎሚያቸውን ለአንዱ አስይዘው መሄድ ነው። ካውንቲዎቹ ለእያንዳንዱ እስረኛ በቀን ይከፍላሉ፤ ዋጋው ለዓመታት 48 ዶላር አካባቢ ነበር። ድሃ ካውንቲዎች ዕዳ ውስጥ ገቡ። ሸሪፉ የእስር ቤት ኃላፊነቱን አስረከበ፤ መራጩ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። በ2018 መሥሪያ ቤቱ ፈርሶ ወደ ስቴቱ ማረሚያ ተጠቃለለ። ከአሥሩ አንዱ በሆነው በደቡቡ የጋራ እስር ቤት ላይ በ2022 እስረኞች ያቀረቡት የጅምላ ክስ በ4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል።

ቨርጂኒያ ደግሞ አላስገደደችም፤ አባበለች። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የጋራ እስር ቤት ለሚሠሩ አካባቢዎች ስቴቱ የግንባታውን ወጪ እስከ ግማሽ ይተካላችኋል የሚል ሕግ አወጣች። የሃምፕተን ሮድስ የጋራ እስር ቤት በ1998 ፖርትስመዝ ከተማ ውስጥ የተከፈተው በዚህ ዘመን ነው። ባለቤቶቹ ፖርትስመዝ፣ ኖርፎክ፣ ሃምፕተንና ኒውፖርት ኒውስ ነበሩ፤ ቼሳፒክ በኋላ ገባች። የጋራ ሲሆን የሚሻል ሕክምና ይኖረዋል ተብሎ ከተሞቹ ታማሚ እስረኞቻቸውን፣ በተለይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን፣ ወደዚያ ይልኩ ጀመር። የየከተማው እስር ቤት ቀለለው። በአንድ ጣሪያ ሥር የአምስት ከተማ ሕመም ተከማቸ፤ የነርሱና የጠባቂው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም።

በሚያዝያ 2015 የ24 ዓመት ወጣት ከአንድ ሱቅ 5 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ለስላሳና ጣፋጭ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር። ዳኛው ለመዳኘት ጤናው እስኪበቃ ድረስ በስቴቱ የአእምሮ ሆስፒታል ይታከም ብለው በግንቦት አዘዙ። አልጋ አልተገኘም። ወጣቱ በሃምፕተን ሮድስ ከሦስት ወር በላይ ተቀምጦ ከሥጋው እየጎደለ ሄዶ በነሐሴ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ሰውነቱ ከስቶ ልቡ መቆሙን ጻፉ። የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሆስፒታሉ ውስጥ በአንድ ሠራተኛ የጠረጴዛ መሳቢያ ተገኘ፤ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ከተማው፣ የጋራ እስር ቤቱ፣ ሕክምናውን የያዘው ኩባንያ፣ ፍርድ ቤቱና ሆስፒታሉ አምስቱም በሥራው ውስጥ ነበሩበት። ልጁ የማን በሽተኛ እንደነበር ግን አንዱም የኔ ብሎ አልመለሰም።

የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር መርምሮ በታኅሣሥ 2018 እስር ቤቱ ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀውን ሕክምና አይሰጥም አለ፤ በ2020 በፍርድ ቤት የጸደቀ የማሻሻያ ስምምነት ተፈረመ። ሠራተኛ ግን አልተገኘም። ሃምፕተን ሮድስ በ2024 ተዘጋ፤ እስረኞቹም ወደየከተማቸው እስር ቤት ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚለየውን ለማየት ወደ ሰሜን፣ ወደ ማሳቹሴትስ ሃምፕደን ካውንቲ መሄድ ያስፈልጋል። ሸሪፉ ማይክል አሽ በ1974 ተመርጠው ከአርባ ዓመት በላይ የቆዩ፣ የቀድሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበሩ። ስፕሪንግፊልድ ያለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን እስር ቤታቸው ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ፣ በ1990 ከ1696 የተረፈ ሕግ ጠቅሰው የብሔራዊ ዘብ ሠራዊትን ሕንፃ ያዙና እስረኛ አስገቡበት። አገር ጉድ አለ። በ1992 ለድሎ ከተማ ላይ አዲስ እስር ቤት ተሠራላቸው። ያን ጊዜ ኤችአይቪ በእስረኞቹ መካከል በርትቶ ነበር። ሸሪፉና ሐኪሙ ቶማስ ኮንክሊን ኩባንያ አልፈለጉም፤ ጎረቤት ካውንቲም አልጠሩም። የጠሩት እስረኞቹ ከሚኖሩበት ሰፈር ያለውን የብራይትውድ ጤና ጣቢያ ነው። ጥቂት ቆይቶ አራት የሰፈር ጤና ጣቢያዎች በሥራው ገቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ እስረኛ ሲመረመር የቤቱ ፖስታ ቁጥር ይታያል፤ በዚያ መሠረት ከአራቱ ጤና ጣቢያዎች ለአንዱ ይመደባል። የዚያ ጤና ጣቢያ ሐኪም በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እስር ቤት መጥቶ ያክማል፤ በቀሩት ቀናት ሰፈር ውስጥ ነው። እስረኛው ሲፈታ ቀጠሮው እስር ቤት ያየው እዚያው ሐኪም ዘንድ ነው። ጉዳዩን የሚከታተለው ሠራተኛም አይለወጥም። ሐኪሙ የጤና ጣቢያው ሰው በመሆኑ ለሸሪፉ አይሆንም ለማለት አይፈራም። ቲቢ የያዘው እስረኛ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ቢፈታ ነገ ልጆቹን የሚያክመውም እሱው ነው። ነገሩ ከባድ እንደሆነ የሜምፊስ እስር ቤት አሳይቷል፤ ከ1995 እስከ 1997 በአንድ የቲቢ ወረርሽኝ 38 እስረኞችና 5 ጠባቂዎች ታመውበታል። ጠባቂ ደግሞ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።

አሠራሩን ለማስፋፋት በ2006 ራሱን የቻለ ድርጅት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ዩኒቲ የተባለው የዋሽንግተን ዲሲ የጤና ጣቢያዎች ድርጅት የከተማዋን እስር ቤት ሕክምና ተረከበ። 14ኛው ጎዳና ላይ ያለውን የዩኒቲ ክሊኒክ ዲሲ የኖረ ሐበሻ ያውቀዋል፤ ልጅ የሚያስከትብበትና የስኳር መድኃኒት የሚያሳድስበት ድርጅት ከእስር ቤቱ ግንብ ወዲያም ሲያክም እንደቆየ ግን ብዙው አያውቅም። የ1965ቱ የሜዲኬይድ አንቀጽም መላላት ጀምሯል። በጥር 2023 ካሊፎርኒያ ከመፈታት በፊት ባሉት 90 ቀናት የተወሰነ ሕክምና በሜዲኬይድ እንዲሸፈን የመጀመሪያውን ፈቃድ አገኘች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ የጋራ እስር ቤቶች የከሸፉት መተባበር ስለማይበጅ አይደለም። ሕንፃውንና ዕዳውን ሲጋሩ ሐኪሙን ከቦታው ስላላንቀሳቀሱት ነው። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ ቨርጂኒያ ላላችሁ፦ ሸሪፍ በየአራት ዓመቱ ይመረጣል፤ የጋራ እስር ቤት ቦርድም ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ከኛ ወገን ለፕሬዚዳንት የሚመርጥ እንጂ ለሸሪፍ የሚሰለፍ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩው በራችሁን ሲያንኳኳ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ሰው ሲታሰር በስንተኛው ሰዓት ነርስ ታየዋለች? ሐኪሙ ደመወዙን የሚቀበለው ከማን ነው? ሲፈታስ ለየትኛው ክሊኒክ ቀጠሮ ይዞ ይወጣል?